ጋሽ አያሌው የገጠሙት ፓምፕ

ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ይህችን ስሙኝ። ሰው አርጅቶ፣ ወገቡን ይዞ ነው ጡረታ የሚወጣው። እኔ ሙሄ የመርሳው ግን ጢሜ ሳይሞላ ወጥቻለሁ። ሽኝት የለ፣ ጋቢ ያለበሰኝ የለ። የጋራዡ በር ላይ ወረቀት ለጠፉ፣ ማኅተም መቱ፣ በቃ፣ ጡረታ። አሁን ወልድያ ላይ ባጃጅ እነዳለሁ። ከመናኸሪያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒቨርሲቲ መናኸሪያ። ተማሪዎቹ ከኋላ ሆነው ስለ ፈተና ያወራሉ፣ እኔ የሞተሩን ድምፅ እሰማለሁ። ልማድ ነው፣ አይለቅም።

መካኒክ ነበርኩ። ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፣ ስለዚህ አነጋገሬን ተዉትና የምለውን ስሙ።

የጀመርኩት ግራና ነው፣ ጎማ ጥገና ቤት። አለቃዬ መኪና ሲያልፍ ሰምቶ ጎማው ስንት ቦታ እንደተለጠፈ አውቃለሁ የሚል ቀጣፊ ነበር። ደሞዝ ሲጠየቅ ግን ጆሮው አይሰማም። እዚያ ነው የሸህ እንድሪስን ፒክአፕ ያወቅኳት። ሸህ እንድሪስ ሽንኩርትና ቲማቲም ነጋዴ ናቸው። በገበያ ቀን መኪናዋ ላይ የሚጭኑት ሸክም እንኳን ለእሷ ለከባድ መኪናም ይበዛል። ኋላዋ መሬት ሊነካ፣ አፍንጫዋ ሰማይ ሊያይ፣ እንደዚያ ሆና ትሄዳለች።

«ሸህ፣ የሞተር ዘይቷ እኮ ሬንጅ ሆኗል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ረመዳን ላይ ቀይሬያለሁ።»

«የትኛው ረመዳን?»

«አንተ ልጅ፣ ረመዳን ስንት ነው?»

እኛ ጋ «ጃፓን» ከተባለ እቺ መኪና ናት። ፒክአፑም ጃፓን፣ ሚኒባሱም ጃፓን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ነጭ መኪናም ጃፓን። ሌላም የጃፓን መኪና አለ፣ እሱን ግን በስሙ ነው የምንጠራው። ሰው ለምን እንደዚህ እንደወደዳት እኔ ልንገራችሁ። አስር፣ አስራ ሁለት፣ አስራ አራት ቁጥር የብሎን ቁልፍ ካለህ ግማሹን መኪና ትፈታዋለህ። የአውሮፓዋ አስራ ሦስት አምጣ ትላለች፣ እሱን ደግሞ ሁልጊዜ አንዱ ተውሶት ሄዷል። ጃፓን ብትታመምም እየሄደች ነው የምትታመመው። ሳታደርስህ አትወድቅም። ዕቃዋም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይገጥማል፤ የዚያ ፒክአፕና የዚያ ሚኒባስ ሞተር አንድ ዓይነት ነው፣ መንትያ በሉት።

ይሄን መንትያነት በደንብ የተማርኩት ወልድያ ነው። ከግራና ወጥቼ እዚያ አንድ ትልቅ ጋራዥ ገባሁ። ባለቤቱ ከመኪና ቀድሞ የሰው ኪስ የሚመረምር ሰው ነበር። የአንዱን ደንበኛ ደህና ኖዝል፣ ናፍጣ የሚረጨውን፣ ነቅሎ ለሌላው ይገጥማል፣ የሌላውን አሮጌ ለዚያኛው ይመልሳል። ሁለቱም አመስግነው ይሄዳሉ። እኔ አፌ አያርፍም። ለአንዱ ሹፌር «ወንድም፣ ከዚህ ስትወጣ ያላመጣኻትን መኪና ይዘህ ነው የምትወጣው» አልኩት። በማግስቱ ሥራ የለኝም።

ከዚያ ነው መርሳ ጋሽ አያሌው ጋ የገባሁት።

ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳትጠብቁ። ዋናው መንገድ ዳር ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ መኪና ሥር መግቢያ ጉድጓድ፣ አንድ የማንጎ ዛፍ። ጋሽ አያሌው ደብር የሚስሙ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። መኪና ሲመጣ ኮፈኑን አይከፍቱም። መጀመሪያ ባለቤቱን ያስቀምጡና «ምን አለችህ?» ይሉታል።

መኪናዋ ምን እንዳለች ባለቤቱ በአፉ ማሰማት አለበት። ግዴታ ነው። መርሳ ውስጥ ሳቅ የፈለገ ሰው እኛ ጋራዥ አጠገብ ይቆም ነበር። ጌታቸው ከመርሳ ወልድያ በራሱ ሚኒባስ ሰው የሚያመላልስ ቀልደኛ ነው። እሱ ዘፈን አድርጎት «ትክ ትክ ትክ፣ እፍፍፍ፣ ከዚያ ደግሞ ቅጭጭጭ ጋሼ፣ ልክ ሚስቴ ስትቆጣ» ይላል። ሸህ እንድሪስ ግን አፈሩ።

«አያሌው፣ እኔ ሽማግሌ ሰውዬ እንደ ፍየል ልጩህልህ?»

«ይጩሁ ሸህ። ሐኪም ፊት እፍረት የለም።»

ሸህ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፣ ግራ ቀኝ አዩ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እህ... እህ... እህህህህ» አሉ። ከጎናችን ያለው የሻይ ቤት ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ።

ጋሽ አያሌው አልሳቁም። «ናፍጣው ላይ አየር ይገባል» አሉኝ። «ሙሄ፣ ከታንከሩ ጀምረህ ቱቦውን በጣትህ ሂድበት።» ሄድኩበት። ቱቦው ከተጠቀለለበት ሸራ ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘሁ።

ሁለተኛው ልማዳቸው ጨርቅ ነው። አሮጌ ነጠላ አጥበው ያነጥፋሉ፣ የሚፈታው ዕቃ በተፈታበት ተራ እሱ ላይ ይደረደራል። መሬት ላይ ብሎን ያስቀመጠ ወዮለት። የናፍጣ ቱቦ ከተፈታ ወዲያው አፉ በንጹሕ ጨርቅ ይታሰራል፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። «አቧራ የናፍጣ መኪና ካንሰር ነው» ይላሉ። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም የከበደ ነው፦ የአንዱ ደንበኛ ዕቃ የሌላው መኪና ውስጥ አይገባም። ለሙከራ እንኳን። አንዴ የጌታቸውን ኖዝል ለመፈተሽ ብዬ ሌላ መኪና ላይ ልሰካ ስል እጄን ያዙኝ። «የሰው ሚስት ለመሞከር ትዋሳለህ?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም።

ሻይ ስንጠጣ ስለ መኪናዋ አመጣጥ ይነግሩኛል። ልጅ እያሉ መንገድ ሥራ ላይ ከአንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ጋር ሠርተዋል፣ ከእሱ የሰሙት ነው። ፋብሪካው መጀመሪያ መኪና አይሠራም ነበር አሉኝ፣ የሸማ መሥሪያ ማሽን ነበር የሚሠራው። ክር ሲበጠስ ማሽኑ ራሱ ይቆማል፣ የተበላሸ ሸማ እየሸመነ አይቀጥልም። ከዚያ የሸማ ማሽኑ ሰውዬ ልጅ መኪና ልሥራ አለ። ሠራ፣ ግን ከትልቁ ጦርነት በኋላ ፋብሪካው ሊዘጋ ደረሰ፣ ሠራተኛ ተባረረ።

«ታዲያ ምን አዳነው?» አልኳቸው።

«የኮሪያ ጦርነት። ለወታደር የጭነት መኪና ሥራ ተባለ፣ በዚያ ነፍስ ዘራ።»

«ጦርነት ያሳደጋት ናታ!»

«እንደዚያ በለው።»

«እኛንስ ጋሼ፣ ምን ያሳድገናል?»

ሻያቸውን ጨልጠው ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። እኔም ያን ጊዜ ነገሩን ለጨዋታ ነው ያነሳሁት። በኋላ ግን ብዙ አስቤበታለሁ። አንዱ አገር ጦርነት የፋብሪካ በር ይከፍታል፣ የእኛው ቆርቆሮ በር ያሽጋል። ያቺው መኪና ናት።

በዚያ ክረምት ጦርነቱ ወደ እኛ ወረደ። መጀመሪያ ከቆቦ፣ ቀጥሎ ከወልድያ የሚሸሽ ሰው መንገዱን ሞላው፦ ፍራሽ፣ ፍየል፣ አሮጊት በጋሪ። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጃፓን እንደሆነ ሰምተን ነበር። መትረየስ የሚጫንባት፣ ቁስለኛ የሚሄድባት፣ የተዘረፈ ዕቃ የሚነሳባት እሷ ናት። ሳታደርስ አትወድቅማ! ስንመካባት የኖርንበት ነገር ጠላት ሆነብን።

የመሥሪያ ቤት ሰዎች አንድ ማለዳ ሄዱ። ነጩን መኪናቸውን በዚያው ሳምንት ፍሬኗን እኛ ነበርን የሠራነው። ጋራዡ በር ላይ ሲደርሱ ጋሽ አያሌው እጅ አነሱላቸው። መስታወት ዝቅ ያደረገ የለም። ፍሬን ግን ይዛለች፣ ጠመዝማዛው ላይ አየኋት።

የቀረነው ቀረን። ጌታቸው ናፍጣ አጥቶ ቀረ። ሸህ እንድሪስ «ሽንኩርቴ መሬት ውስጥ ነው፣ እሱን ትቼ ደሴ ላይ ምን ልበላ?» ብለው ቀሩ። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ አንዱ ከአንዱ ተደብቆ፣ ወደ ጋሽ አያሌው መጡ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ መኪናዬን አበላሽልኝ።

እስቲ አስቡት። ዕድሜ ልክህን ስትጠግን ኖረህ፣ አንድ ቀን ባለቤቱ መጥቶ ግደላት ይልሃል። ጋሽ አያሌው ያንኑ የለመዱትን ጠየቁ፦

«ምኗን ላውጣ?»

ሸህ እንድሪስ «የናፍጣ ፓምፗን» አሉ፣ ምንም ሳያስቡ። «ያኔ ፓምፗ ሲሞት ሽንኩርቴ ሲበሰብስ አልረሳውም። ነፍሷ እሱ ነው።»

ጌታቸው ደግሞ «ኖዝሎቹን» አለ። «ውኃ ያለበት ናፍጣ ቀድቼ ኖዝሏ ሲበላሽ ስንት ቀን ቆመች? ነፍሷ ኖዝል ነው።»

ሰው ሁሉ የመኪናው ነፍስ እሱን የጎዳው ቦታ ላይ ይመስለዋል። ጋሽ አያሌው ደግሞ መኪናዋን የሚያውቃት ባለቤቷ ነው ብለው የኖሩ ሰው ናቸው። የተባሉትን አደረጉ። ከፒክአፗ ፓምፕ፣ ከሚኒባሷ ኖዝል አወጡ። ፓምፑን ሸህ ማሽላ በሚያከማቹበት ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት፣ ኖዝሎቹን ጌታቸው የት እንዳደረገ ለእኛም አልነገረንም። ሁለቱ መኪኖች ጋራዡ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ። እውነተኛ ብልሽት መሰሉ። እኛም ኮራን።

ስህተቱን አያችሁት? እኛ አላየነውም። በዚያ ጋራዥ ሁለት መኪና በአንድ ዓይን ታይቶ አያውቅማ! የሸህ የሸህ ናት፣ የጌታቸው የጌታቸው። እኔ ሌባ ጋራዥ ውስጥ የሠራሁት እንኳን ጋሽ አያሌው ጋ ስኖር ሌባ እንዴት እንደሚያስብ ረስቼው ነበር።

ታጣቂዎቹ ገቡ። ጋራዥ ያለበትን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከመካከላቸው አንዱ ጠና ያለ ሰው ነው። እጁን ሳይ ደነገጥኩ፦ ጥፍሩ ሥር ዘይት የበላው፣ አውራ ጣቱ የተጨፈለቀ። የሙያ ወንድም ነው። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፋ አድርጎ የፒክአፗን ኮፈን ከፈተ።

«አባቴ፣ ፓምፑ የት ሄደ?» አለ በጨዋ አማርኛ።

«ተሰረቀ» አሉ ጋሽ አያሌው።

የሚኒባሷን የሹፌር ወንበር አነሳ፣ ሞተሯ ከሥሩ ነው። «የእሷስ ኖዝል?»

«እሱም ተሰረቀ።»

ጎንበስ ብሎ ቱቦዎቹን አየ። አፋቸው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ታስሯል፣ ቋጠሮው አንድ ዓይነት ነው። ቀና አለና ፈገግ አለ። «ሌባው ጨዋ ነው አባቴ። አቧራ እንዳይገባ አስቦ ነው የሰረቀው።»

አለቀልን አልኩ። እሱ ግን አልጮኸም። አንድ እጁን ፒክአፗ ላይ፣ አንዱን ሚኒባሷ ላይ አደረገ። «እዚህ ግማሽ አለ፣ እዚያ ግማሽ አለ። አንድ ሙሉ ይወጣናል። የሚኒባሷን ፓምፕ ንቀሉና ለፒክአፗ ግጠሙ።»

የጋሽ አያሌውን ፊት ያን ጊዜ ብታዩት! ጠመንጃ አይተው እንደዚያ አልሆኑም። «የአንዱ ዕቃ... የሌላው...» አሉና ተዉት።

ሰውዬው ቆሞ ሊያሠራን ነበር፣ ከመንገድ ጠሩትና ሄደ። በእሱ ፋንታ ያቆሙብን ስለ ሞተር ምንም የማያውቅ፣ ዓይኑ ማንጎው ላይ የሆነ ነው። እኔ አላህ የላከው ዕድል ነው አልኩ።

ነገሩን እንድትረዱት ላስረዳችሁ። ፓምፑ አንገት ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አለች፣ ሞተሩ ላይም እንደዚያው። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲተያዩ ነው ብሎኑ የሚጠብቀው። የጥፍር ያህል ከገፋሃት መኪናዋ ትነሳለች፣ ሜዳ ላይም ትሄዳለች። ዳገት ላይ ግን ጭሳ፣ ግላ ቀጥ ትላለች። ማንም ሳያውቅብህ።

«ጋሼ» አልኩ፣ ከሞተሩ ሥር ተጎንብሼ። «ትንሽ ይግፏት። ጥፍር ታህል። ዳገቱ ላይ ትሙትባቸው።»

እሳቸውም አስበውታል። እጃቸው ፓምፑ ላይ ነበር፣ ሊገፉ ነበር። ያን ጊዜ ሁለት ታጣቂዎች ሁሴንን ይዘው ገቡ። የሸህ እንድሪስ ልጅ ነው፣ ፒክአፗን የሚነዳው እሱ ነው፣ ቁልፏም እሱ ጋ ነበር። ከኋላ ሸህ ጥምጣማቸው ተፈትቶ እየሮጡ መጡ።

«የእናንተን መኪና ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም» አለው አንዱ። «አንተ ትነዳለህ።»

ሸህ እንድሪስ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ያ ረቢ፣ መኪናዋን ውሰዱ፣ እሱን ተዉልኝ!» የሰማቸው የለም።

ጋሽ አያሌው ሁሴንን አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ሳይሉ «አስራ ሁለት ቁልፍ» አሉኝ።

«ጋሼ...»

«ዳገቱ ላይ ከቆመች ማንን የሚጠይቁ ይመስልሃል? እኔን ነው? አንተን ነው? አስራ ሁለት ቁልፍ ስጠኝ።»

ሰጠኋቸው። ተሳደብኩ፣ በልቤ፣ እሳቸውንም ጭምር። መስመሯን ከመስመሯ ጋር አገናኙ፣ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩ፣ አጠበቁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጥንቅቅ ያለ ሥራ አላየሁም። ሁሴን ቁልፉን ሲያዞር በመጀመሪያው ተነሳች። እንደዚያ ቀን ድምፅዋ አምሮ አያውቅም። ጋሽ አያሌው መስኮቱን ይዘው «ልጄ፣ አትቆምብህም። በርጋታ ንዳ» አሉት። ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ ሸህ እንድሪስ በየቀኑ ጋራዥ እየመጡ ባዶው ቦታ ላይ ይቀመጡ ነበር። ጌታቸውም ፓምፕ አልባ ሚኒባሱ አጠገብ ቆሞ መስታወቷን ይወለውላል። ያ ቀልደኛ! አንዴ ብቻ «ጋሼ፣ የኔ ፓምፕ ከሁሴን ጋር ከሄደ ጥሩ ነው» አለ። ጋሽ አያሌው ራሳቸውን ያዙ። «ሁለቱንም ፓምፕ ማውጣት ነበረብኝ» ይላሉ። «ሁለቱንም። እንዴት አልታየኝም?» እንቅልፍ እንደሌላቸው ዓይናቸው ይናገራል።

ሁሴን እህል ሊታጨድ ሲል በእግሩ መጣ። እግሩ አብጦ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ። መኪናዋን ነዳጅ ሲያልቅባት ገደል ዳር ትተዋት በየፊናቸው ሲበተኑ ነው ያመለጠው። ጋሽ አያሌው እንዳዩት አልሳሙትም፣ የለመዱትን ነው የጠየቁት።

«ምን አለችህ?»

«ምንም አላለችኝ ጋሼ። አንዴም አላሳለችም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከፊታችን የነበረው መኪና ዳገቱ ላይ ቀጥ አለ። ሹፌሩ የቆቦ ሰው ነበር። አሻጥር ሠራህ አሉት። አወረዱት።»

«ከዚያስ?» አልኩ እኔ፣ አፌ አያርፍማ።

ሁሴን አጎንብሶ ያበጠ እግሩን ከጫማው ማውጣት ጀመረ።

ታጣቂዎቹ ወጡ፣ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰ። ነጯም መኪና ተመለሰች፣ ታጥባ። ትንሽ ቆይቶ ሕዝቡን አዳራሽ ጠሩ። ጋሽ አያሌውን ከፊት አቆሙ። መድረኩ ላይ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ሰው በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል።

«ለጠላት ተሽከርካሪ አዘጋጅተሃል። ለምን አላበላሸኸውም?» አላቸው።

አንተ አላቸው! አዳራሹ ተንጫጫ። ጋሽ አያሌው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«አበላሽቼ ነበር ጌታዬ። በሚገባ አበላሽቻት ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሹፌሯን አየሁት።»

ሁሴን ተነሳ። «የነዳሁት እኔ ነኝ። በሕይወት ያለሁት...»

«አልተጠየቅክም። ቁጭ በል።»

ሸህ እንድሪስም ተነሱ። «ወላሂ፣ ባለ መኪናዋ እኔ ነኝ። የተወሰደብኝ እኔ ነኝ። እኔ ካልከሰስኩት እናንተ በማን ስም ነው የምትከሱት?» እሳቸውንም ቁጭ ይበሉ አሏቸው። እኔ ተነስቼ ልናገር ስል ሁለት ሰው አንገትጌዬን ይዞ ወደ ውጭ ወረወረኝ።

በማግስቱ ጋራዡ ታሸገ። «ከጠላት ጋር በመተባበር» ይላል ወረቀቱ። ጋሽ አያሌው ሌላ ቦታ ልክፈት አላሉም። ቤታቸው በር ላይ ይቀመጣሉ። ሰው ሰላም ይላቸዋል፣ ይወዳቸዋል፣ መኪና ግን አያመጣላቸውም፤ ይፈራል። የሰው ፍርሃት አይገርመኝም። የእናንተ ድፍረት ነው የሚገርመኝ።

እናንተ መድረክ ላይ የነበራችሁት፣ አዳራሹ ውስጥ ልጠይቃችሁ ስል አስወጣችሁኝ፤ እዚህ ማንም አንገቴን አይዘኝም። እንካችሁ አስራ ሁለት ቁልፍ። ጠመንጃው ከጀርባችሁ ተደግኗል። ልጁ መሪው ላይ ተቀምጧል፣ እሱም የሸህ እንድሪስ ሳይሆን የራሳችሁ ልጅ ነው፣ እያያችሁም ነው። ያችን የፓምፕ መስመር የት ላይ ነበር የምታጠብቋት?